ከተማዋ ሳታውቀኝ ሱቅ ከፈትኩ፦ ወደ ሼፐርተን ለምታስቡ ወገኖቼ

በአውስትራሊያ፣ ከሜልበርን በስተሰሜን 180 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሼፐርተን የቡናና የእንጀራ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ብዙ ሰው ይደውልልኛል። አንዳንዱ ልጆቹን ይዞ ሁለት ቀን ሊያሳልፍ ያሰበ ነው። አብዛኛው ግን የሜልበርን ኪራይና ጥድፊያ ያስመረረው፣ ወደ ገጠር ከተማ ወጥቶ የራሱን ሥራ ሊጀምር የሚፈልግ ነው። ለሁሉም የምነግረው ነገር ተመሳሳይ ሆነብኝ፤ ያን የመጀመሪያ ዓመቴን የመሰለ ዓመት ሌላ ሰው እንዲያሳልፍም አልፈልግም። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ ልጻፈው። ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በወሬ ነው። ፉትስክሬይ በተባለው የሜልበርን ሰፈር ዘጠኝ ዓመት ኖረናል፤ እኔ በአረጋውያን መጦሪያ፣ ባለቤቴ በዕቃ መጋዘን እንሠራ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ስለ ሼፐርተን ሲወራ ሰማሁ። የሱቅ ኪራይ ርካሽ ነው፣ አፍሪካዊ ሞልቷል፣ የሐበሻ ምግብ የሚሸጥ ግን አንድም ሰው የለም ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

በፌብሩዋሪ 2022 አንድ ቅዳሜ ልጆቹን አሳፍረን ሄድን። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግራና ቀኙ የፒርና የኮክ እርሻ ነው፤ ዛፎቹ ፍሬ ከብዷቸው ጎንበስ ብለዋል። መሀል ከተማ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ ገበያው በአረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በፑንጃቢ ይንጫጫል። መስኮቱ ላይ የኪራይ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰፊ ባዶ ሱቅ አየን። ኪራዩ ፉትስክሬይ ከምናውቀው ከግማሽ በታች ነበር። ባለቤቴ «እስቲ አንድ ጊዜ ደግመን እንምጣ» አለኝ። እኔ ግን ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ፈራሁ፤ ማርች ላይ ፈረምኩ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው። ያየሁት ከተማዋን ሳይሆን የመከሩን ወቅት ነበር። ሼፐርተን ከጎልበርን ወንዝ በሚጠለፍ የመስኖ ውኃ የምትኖር የፍራፍሬና የወተት አገር ናት። ከ1917 ጀምሮ የቆየው ትልቁ የፍራፍሬ ማሸጊያ ድርጅት ኤስፒሲም ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። ከጃንዋሪ አንሥቶ ለጥቂት ወራት ለቀማና ማሸግ ስለሚደራ ከየቦታው ሠራተኛ ይጎርፋል። ክረምቱ ሲገባ ያ ሁሉ ሰው ይበተናል። እኔ ሱቁን የከፈትኩት በሜይ መጨረሻ ነው። ጠዋት ጠዋት ውርጩ የመኪናውን መስታወት ያለብሰዋል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን መንገዱ ላይ የሚታየው የትራፊክ መብራት ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅ ለመከራየት የምታስቡ ሁሉ፣ በጁን ወር ማክሰኞ ቀን ኑና በሩ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት ቆማችሁ የሚያልፈውን ሰው ቁጠሩ። በዚያ ቀን ያያችሁት ሰው የሚያዋጣችሁ ከሆነ ቀሪው ዓመት አያስጨንቃችሁም።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ገንዘብ የበላው ነው። ሱቁ ቀድሞ ልብስ ይሸጥበት ነበር። አከራዩ «ለምግብ ቤትም ይሆናል» አለኝ፤ እኔም ቃሉን አምኜ የከተማውን ምክር ቤትም የውኃ ድርጅቱንም ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ምግብ የሚበስልበት ቤት ግን ከኩሽና የሚወጣው ቅባት ወደ ፍሳሹ ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል። ቤቱ አልነበረውም። ወለሉ ተቆፍሮ፣ ቧንቧው ተቀይሮ፣ ጭስ ማውጫው ተሠርቶ ሲያልቅ ከአሥራ ስምንት ሺህ ዶላር በላይ ወጣ፤ ለስድስት ወር መጠባበቂያ ብለን የያዝነው ገንዘብ ማለት ነው። ሼፐርተን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሕግ አከራይ የኪራዩን ሁኔታና ተጨማሪ ወጪዎቹን የሚዘረዝር ሰነድ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ሊሰጣችሁ ይገባል። እነዚያ 14 ቀናት የተሰጧችሁ እንድትጠይቁበት ነው። ሰነዱን ይዛችሁ ወደ ምክር ቤቱ የጤና ክፍል ሂዱና «በዚህ አድራሻ ምግብ ላብስል ነው፤ ምን ይጎድለዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰዎቹ ትሑት ናቸው፤ ለጥያቄው የሚያስከፍላችሁም የለም።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ፉትስክሬይ እንደለመድኩት ረፋድ 5 ሰዓት ከፍቼ ምሽት 3 ሰዓት እዘጋ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ዕቃ ለማራገፍ ቀድሜ ሄድኩ። ገና 12 ሰዓት ተኩል አልሆነም። ብርቱካንማ የሥራ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች የሱቄን በር እጀታ ይዘው ገፋ አደረጉት፤ አንደኛው እጁን በግንባሩ ከልሎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየ፣ ከዚያ ተያይተው ወደ ማዶው ቡና ቤት ተሻገሩ። መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው በሩን ሞከረ። እኔ ሰው አጣሁ እያልኩ ሳለቅስ ሰው እኔን እያጣ ኖሯል። የገጠር ከተማ ቡናውን የሚጠጣው ከሥራ በፊት ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቡና ቤቱ ሁሉ ወንበሩን ይሰቅላል፤ እራት በጊዜ ይበላል። ይህን ልማድ ለመለወጥ አትሞክሩ፤ እናንተ ተለወጡ።

በጁላይ የቀረን የአንድ ወር ኪራይ ብቻ ነበር። የዚያን ሰሞን በየጠዋቱ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የፍራፍሬ ገበሬ ናቸው፣ አባታቸው ከአልባኒያ የመጡ። (እዚህ አልባኒያውያን ከብዙ ትውልድ ጀምሮ አሉ፤ በቪክቶሪያ የመጀመሪያው መስጊድ የተሠራውም በሼፐርተን በእነርሱ እጅ ነው።) ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ጠየቁኝ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትውዪው፣ ልጄ?»

«እዚሁ ነኝ፤ ሱቁን ከፍቼ እጠብቃለሁ።»

«ማንን ነው የምትጠብቂው? ከተማው ቅዳሜ ሜዳ ነው። እዚያ አንድ ቀን እንኳ አላየንሽም።»

ደነገጥኩ፤ ትንሽም ቅር አለኝ። እሳቸው ግን የአባታቸውን ነገር ነገሩኝ፦ አባታቸው መጀመሪያ እንደመጡ ከማንም ሳይገናኙ እርሻቸው ላይ ብቻ ውለው እንደሚያድሩ፣ ሰው ያወቃቸው አንድ ዓመት የጎረቤት መስኖ ቦይ ሲሰበር አካፋ ይዘው የሄዱ ቀን እንደሆነ። «ከማታውቂው ሰው ቤት ገብተሽ ትበያለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። አልበላም። እኛም አገር ቢሆን አንበላም።

ለማያውቅ ልንገር፦ ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በእነዚህ ከተሞች ቅዳሜ ማለት የአውስትራሊያ እግር ኳስና የኔትቦል (ቅርጫት ኳስ የሚመስል ጨዋታ ነው) ቀን ነው። ወንዶቹ በአንዱ ሜዳ፣ ሴቶቹ በጎኑ ባለው ሜዳ ይጫወታሉ፤ አያት፣ ሐኪም፣ ገበሬ፣ የባንክ ሠራተኛ ሁሉም አጥሩን ተደግፎ ያያል። ምግብ ቤቱን የሚያንቀሳቅሱት የተጫዋቾቹ እናቶችና አባቶች ናቸው፣ ያለ ደመወዝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ፣ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ቡናና አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። አልሸጥኩም። «ሰሃን ላጥብላችሁ?» አልኩ። ሦስት ቅዳሜ አጠብኩ። በአራተኛው ልጄ ኔትቦል ተመዘገበች። በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ማለዳ አምስት እናቶች ተያይዘው ሱቄ ገቡና አንዷ ምናሌውን ጣቷን እያስኬደች «ይሄ ያ ዳቦ ነው?» አለችኝ።

ምናሌዬም ራሱ ስሕተት እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓይነት ምግብ ዘርዝሬ፣ ስሙን ብቻ ጽፌ፣ ምን እንደሆነ አንድም ቃል አልነበረበትም። ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ አንብቦ የሚሄደው ንቆ ሳይሆን ሳያውቅ ማዘዝ አፍሮ ነው። ወደ ስድስት ቀነስኩት፤ ሳምቡሳ፣ ምስር ወጥ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ እነዚህን የመሰሉ በአንድ እጅ ተይዘው ወደ መኪና የሚኬድባቸው። በያይነቱና ዶሮ ወጥ ለዓርብ ምሽት ብቻ፣ በቀጠሮ አደረግሁት። ዛሬ ከሳምንቱ ሁሉ የሚበልጠው ያ ዓርብ ነው።

ነገሩ መስመር ያዘ ስንል ጎርፉ መጣ። ኦክቶበር 2022 ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ በ17ኛው ቀን ጎልበርን ወንዝ ሼፐርተን ላይ ከ12 ሜትር አለፈ። ከ1974ቱ ጎርፍ ወዲህ እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እኛ የምንኖረው ከወንዙ ማዶ ባለችው ሙሩፕና ነበር፤ ወንዙንና የጎርፍ ሜዳውን አቋርጦ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ ሲዘጋ ሙሩፕና ተቆርጣ ቀረች። ሱቁ ውኃ አልነካውም። ኪራዩ ረከሰልን ብለን የገባንበት ቤት ግን እስከ ጉልበት ገባበት። መኪና ማቆሚያው ውስጥ የደረደርኩት የጤፍ ዱቄት፣ አሥራ አራት ከረጢት፣ ውኃውን ጠጥቶ አብጦ ፈነዳ። ውኃው ሸሽቶ በሩን ስከፍት የተቀበለኝ የቦካ ሊጥ ሽታ ነው፤ እናቴ ቤት ማለዳ የምነቃበት ያው ሽታ፣ ከጭቃና ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ። ደፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

መድን ነበረን። ወረቀቱን ሳነብ ግን በጣሪያ ለሚገባ የዝናብ ውኃ ይከፍላል፣ ከወንዝ ሞልቶ ለሚመጣ ጎርፍ አይከፍልም፤ ክፍያው እንዲቀንስልን ራሳችን ያንን ማስወጣታችን ላይ ፊርማዬ አለ። እባካችሁ፣ ቤትም ሱቅም ከመከራየታችሁ በፊት የአድራሻውን የጎርፍ ካርታ ከምክር ቤቱ ጠይቃችሁ እዩ። መድኑ ላይ ደግሞ ጎርፍ የሚለውን ቃል ፈልጉና ከጎኑ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። በወንዝ ዳር ከተማ በወር ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከበር ውጭ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። የኔትቦል እናቶቹ ናቸው፤ አካፋ፣ ባልዲ፣ የጎማ ጫማ፣ በረኪና ይዘው። ማንንም አልጠራሁም ነበር። ሽማግሌው በትራክተራቸው የራሰውን ምንጣፍና ጤፉን ጎትተው ወሰዱልኝ። እኔም በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ለበጎ ፈቃደኞች ምስር ወጥ በድስት መቀቀል ያዝኩ፤ ለአሥር ቀን ያህል ቀቀልኩ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሱቁን ግን መያዝ አልቻልንም። ከአከራዩ ጋር ስንጣላ አንዲት ደንበኛዬ የቪክቶሪያ የአነስተኛ ንግድ ኮሚሽን በትንሽ ክፍያ እንደሚያሸማግል ነገረችኝ። በዚያ በኩል ተነጋግረን የሁለት ወር ኪራይ ከፍለን ወጣን። አሁን ያለሁበት ቤት የዚያን ሲሶ ነው፤ ቀድሞም ቡና ቤት ስለነበረ ጉድጓዱም ጭስ ማውጫውም አለ። ከማለዳ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እንሠራለን። እንደገና የምጀምር ብሆን ሱቅም አልከራይም ነበር፤ መጀመሪያ በድንኳን ወይም በጋሪ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። በአንድ ምክር ቤት የተመዘገበ ተንቀሳቃሽ ምግብ ሻጭ፣ የሚሄድበትን ቦታ እያሳወቀ በመላው ቪክቶሪያ መሥራት ይችላል። አንድ ዓመት በዚያ ብትዞሩ የትኛው ከተማ እንደሚወዳችሁ ሳትከስሩ ታውቃላችሁ።

ለለቀማ ሥራ ለሚመጡም አንድ ነገር ልበል። የእኅቴ ልጅ ለሦስት ሳምንት ፒር ለቅሞ ግማሽ ገንዘቡን ሳያገኝ ቀርቷል፤ ያሠራው ደላላ ስልኩን ዘጋ። በቪክቶሪያ ሠራተኛ የሚያቀርብ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የባለፈቃዶቹ ዝርዝርም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ስሙን ሳታዩ መኪናው ውስጥ አትግቡ። ከአፕሪል 2022 ጀምሮ ደግሞ በለቀመው መጠን የሚከፈለው ሠራተኛም ቢሆን ለሠራበት ሰዓት ከተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በታች ማግኘት የለበትም። የሠራችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ።

አሁን ለእረፍት ለምትመጡት። መኪና ከሌላችሁ ከሜልበርን ሳዘርን ክሮስ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ከማርች 2023 ወዲህ የክልል ባቡር የቀን ክፍያ ከሜልበርን ከተማው የቀን ክፍያ እንዳይበልጥ ስለተደረገ ርካሽ ነው። ልጆች ካሏችሁ በመናፈሻዎቹና በጎዳናው የቆሙትን በቀለም ያሸበረቁ የላም ሐውልቶች ሲፈልጉ ይውላሉ። በቪክቶሪያ ፓርክ ሐይቅ ዳር በ2021 የተከፈተው አዲሱ የሥነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው፤ የሸክላ ሥራ ስብስቡን እንዳታልፉት፣ በሸክላ ምጣድ ላደገ ሰው ልዩ ነው። የፈርፊን የውኃ ጋሪዎችም እዩ። ጆን ፈርፊ በሼፐርተን የሠራቸው እነዚያ ጋሪዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአውስትራሊያ ወታደሮች ውኃ ያመላልሱ ነበር፤ ወታደሩ ውኃ ሲቀዳ የሚለዋወጠው ያልተጣራ ወሬ በጋሪው ስም «ፈርፊ» ተባለ፣ ቃሉም ቋንቋቸው ውስጥ ቀረ። እኔን ወደዚህ ያመጣኝ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሰማሁት ያ ወሬ ፈርፊ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ወንዙ ውረዱ። ዳርቻውን የሞላው ያ ግዙፍ ዛፍ እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው። አገራችን በማገዶና በአጠና መልክ የምናውቀው ዛፍ እዚህ በገዛ አገሩ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው፣ ጉድጓዱ ውስጥ በቀቀን የሚፈለፈልበት ሽማግሌ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ቅጠሉን በእጇ አሽታ አሸተተችና «ይሄማ የእኛው ነው» አለች። አገሩ እዚህ መሆኑን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች።

ምድሩ የዮርታ ዮርታ ሕዝብ ነው፤ ይህንንም ሳያውቅ ማንም ባይሄድ ደስ ይለኛል። በፌብሩዋሪ 1939 መሪ (Murray) በሚባለው ወንዝ ማዶ ካመራጉንጃ በተባለው የመንግሥት ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ነባር ነዋሪዎች በደሉ ሲበዛባቸው ጓዛቸውን ይዘው ወንዙን ተሻግረው ወጡ። ብዙዎቹ በሼፐርተንና በሙሩፕና መካከል ባለው የጎርፍ ሜዳ ላይ በጆንያና በቆርቆሮ ቤት ሠርተው ለዓመታት ኖሩ፣ በየማሸጊያውና በየእርሻው እየሠሩ፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር እየተነሡ። ልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ረምባላራ የተባለ የራሳቸው የእግር ኳስና የኔትቦል ክለብ አላቸው። ልጄ ከእነርሱ ጋር ስትጫወት ያን ሜዳ አልፈን ነው የምንሄደው፤ 2022 ላይ ውኃው ከወዴት እንደመጣ አሁን በደንብ አውቃለሁ።

ከባድ የሆኑ ነገሮች ዛሬም አሉ። ለቅዳሴ ሁለት ሰዓት መንዳት አለብን፤ ገና የሚውለው በመከሩ መሀል፣ አንዳንዴ 40 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ሐዘን ሲደርስ ለቅሶ ቤቱ ሩቅ ነው። መስከረም ሲጠባ ግን እዚህም ክረምቱ ያልቃል፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል ለዘይት የሚዘራው የካኖላ ማሳ ቢጫ ሆኖ እስከ አድማስ ይዘረጋል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ልጆቹ መንገድ ዳር መኪና አስቁመው ሲያዩ አደይ መስሏቸው ሊቀጥፉ ወረዱ፤ የሰው እርሻ ነው ብዬ መለስኳቸው። በማግስቱ ሽማግሌው ሰምተው ነው መሰለኝ፣ በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ በፒር ሣጥን ሙሉ የካኖላ አበባ ተቀምጦ አገኘሁ።